ሁለት ሁለት ወንበር

ሜይ 12፣ ሰኞ

ዛሬ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ተዘግቶብን ዳንቢ ኤር የሚባለውን የኮሪያ አየር መንገድ ገድል ስንሰማ ዋልን። ገድል እንጂ ሌላ ምን ይባላል! ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአሜሪካው ደለስ ኤርፖርት ወደ ሴኡል መብረር ይጀምራሉ። ኮንትራቱን የወሰደው የእኛ ድርጅት ስለሆነ ቼክ ኢኑም፣ ጌቱም፣ ዊልቸሩም የእኛ ጣጣ ነው። እኔ የጌት ሊድ ነኝ፣ የመሳፈሪያ በሩ ኃላፊ።

ሚስተር ጉ የሚባለው የዳንቢ ማናጀር በስላይድ አስረዳን። በ2007 አንድ ብርቱካን ነጋዴ በአንዲት ደሴት ላይ ሁለት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ተከራየ። የደሴቷ አሮጊቶች ሴኡል ሐኪም ቤት የሚሄዱት በመርከብ፣ እያስመለሳቸው ነበር አሉ። ሰውዬው የገዛ እናቱን አይቶ አንጀቱ አልችል ቢለው ነው የጀመረው። ቲኬቱ እንዲረክስ ውሃውንም ብርድ ልብሱንም ለብቻ ሸጠ። እስከዚህ ድረስ ወድጄው ነበር፣ አልዋሽም።

ከዚያ ጄት መጣ፣ ጃፓን በረሩ፣ ታይላንድ በረሩ፣ ኮቪድ ሲመጣ ሁሉም መሬት ቀረ። ብርቱካን ነጋዴው ሸጦ ወጣ። የገዙት የኢንቨስትመንት ሰዎች በረሃ ላይ ቆመው የነበሩ ሦስት ያገለገሉ ትላልቅ አውሮፕላኖች ተከራዩ፣ አሜሪካ ድረስ ሊበሩ። ሦስት ብቻ። መጠባበቂያ የላቸውም። አንዱ ከታመመ የሳምንቱ በረራ ሁሉ አልጋ ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ አርፎ፣ ተራግፎ፣ ጸድቶ፣ ተጭኖ እስኪነሳ መቶ ደቂቃ ሰጥተውናል። ከዚያ ካለፈ ሴኡል ሪፖርት ይሄዳል፣ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ያዘገየው ሰው ስም ይጻፋል። የሰው ስም! ዝናብ ቢያዘገየን የማንን ስም ልንጽፍ ነው ብዬ ብጠይቅ ሚስተር ጉ ከልቡ አሰበበት።

ጁን 2፣ ሰኞ

አራተኛ በረራችን። እጅ ሻንጣ ሰባት ኪሎ፣ ግራም አይለፍ ተብሏል። የአናንዴል ኮሪያ አሮጊቶች ጌቱ ላይ መሬት ተቀምጠው ሻንጣቸውን ይዘረግፋሉ። ዛሬ አንዷ የባሏን ፎቶ ከነፍሬሙ አውጥታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ሟች ባሏ ነው። ሚስተር ጉ «እሱም ይመዘን» አለ። መዘንኩት። ስምንት መቶ ግራም።

እቤት ገብቼ እጄን ሁለቴ ታጠብኩ። ልጄ ሰሊና «ማም፣ ዳትስ ግሮስ፤ ለምን መዘንሽው?» አለችኝ። ሥራዬ ስለሆነ ነዋ! አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ምን ያውቃል። አሌክሳንድሪያ ላይ ቤት ኪራይ የሚከፍለው ማን መሰላት?

ጁን 11፣ ረቡዕ

የዊልቸር ገፊዎቹን ከዘጠኝ ወደ አምስት አወረዷቸው። ዳንቢ ነው የቀነሰው ይላል በፈቃዱ። በፈቃዱ የእኛ ድርጅት ማናጀር ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እሱና እኔ እዚሁ ደለስ ሻንጣ ስናግዝ የጀመርን ሰዎች ነን። አሁን እሱ ከረባት አለው። በአንድ በረራ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ዊልቸር ይመጣል፤ ተሳፋሪው ግማሹ አሮጊት ነው። ለአምስት ሰው!

ግድግዳው ላይ «አንድ ሰው አንድ ወንበር» ተብሎ በትልቁ ተለጥፏል፤ አንድ ገፊ ከአንድ ዊልቸር በላይ አይግፋ ነው። በፈቃዱ ጠዋት ሰብስቦን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሕጉ ግድግዳው ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን ጌቱ ላይ ነው።» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ያስቃል?

እትዬ ስሂን ከአምስቱ አንዷ ናቸው። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። እዚህ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፣ ያውም ለምኜ። አገር ቤት ሳለን እናቴ ሥራ ውላ እስክትመጣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳዬን የሚያበሉኝ እሳቸው ነበሩ፤ ግድግዳችን አንድ ነበር። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት። ከዚያ በባቡር ቀይ መስመር ይዘው፣ ሲልቨር ላይን ቀይረው ሁለት ሰዓት ተጉዘው ይመጣሉ፤ አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። ልጃቸውን ዕንቁን ለማምጣት ፋይል ከፍተዋል። የኤምባሲ ኢንተርቪዋ ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ለዚያ ደግሞ እናትየው ሥራ ላይ መሆናቸውን የሚያሳይ ደብዳቤ ከድርጅቱ ያስፈልጋል። ሲያገኙኝ ሁሉ «ደብዳቤዋን አትርሺብኝ ልጄ» ይሉኛል። ዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን በስልክ ነው የሚያዩዋት።

ጁን 20፣ ዓርብ

መኪና ውስጥ ነኝ። ፓርኪንግ።

ሠላሳ አራት ዊልቸር። አውሮፕላኑ አርፍዶ ገባ። መቶ ደቂቃው ላይ አልተጨመረልንም፤ እንዲያውም ወደ ሰማንያ አውርዱት ተባልን። አንዲት አሮጊት ወደቀች። አምቡላንስ። እትዬ ስሂን ምንም አልሆኑም።

በኋላ፣ እቤት።

ተረጋግቼ ልጻፍ። በር ሊዘጋ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር ጌቱ ላይ ሁለት ወንበር ቀርቶ ነበር። አራቱ ገፊዎች ውስጥ ናቸው፤ እትዬ ስሂን ብቻ ላብ በላብ ሆነው ተመለሱ። ሚስተር ጉ ሰዓቱን ፊቴ ላይ ደቅኖ ቆሟል። «ሁለቱንም ይውሰዱ እትዬ» አልኩ። ይኼ ትእዛዝ ነው? ጥድፊያ ነው። ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ይገፋ ነበር፤ በፈቃዱም ያውቃል፣ ሚስተር ጉም ያውቃል። እሳቸው «ብሩክቲ፣ ቁልቁለት ነው እኮ» አሉ፤ ይህንንስ ልጻፈው። እኔ «ቀስ ብለው» አልኩ መሰለኝ። ወይም «ቶሎ ይበሉ»። ግርግር ነበር።

አንዱን ከፊት እየገፉ አንዱን ከኋላ እየጎተቱ ከጌቱ ወደ አውሮፕላኑ በሚወስደው መተላለፊያ ቁልቁል ሄዱ። የኋላው አምልጦ ዞረ፣ ግድግዳ መታ፣ አሮጊቷ ተስፈንጥራ ወደቀች። ስደርስ እትዬ ስሂን መሬት ተቀምጠው ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው በአማርኛ ያባብሏታል፣ እሷ በኮሪያኛ ታለቅሳለች። ዳሌዋ ተሰብሯል።

ሚስተር ጉ መጥቶ አያትና፣ በመጀመሪያ የጠየቀኝ «የዲሌዩን ምክንያት ምን ብለን እንጻፍ?» ነው። ቱ! ሰው መሬት ላይ ተዘርግቶ! ዘጠኝ ደቂቃ ነው የዘገየነው። ሽንት ቤት ገብቼ አስመለሰኝ።

ጁን 24፣ ማክሰኞ

በፈቃዱ ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። የወደቀችው ሴት ልጆች ጠበቃ ይዘዋል። ሴኡል አንድ ስም ይፈልጋል። የእኛ ዋና መሥሪያ ቤትም አንድ ስም ይፈልጋል። «ገፊዋ በራሷ ፈቃድ ሁለት ወንበር ከወሰደች፣ ጉዳዩ የአንድ ሠራተኛ ስህተት ሆኖ ያልቃል» አለኝ። «ታዝዛ ነው ከተባለ ግን…» ብሎ አየኝ።

«አንተም እኮ አውሮፕላኑ ጌቱ ላይ ነው ብለሃል» አልኩት።

«እኔ ቀልድ ነው ያወራሁት። አንቺ ግን ወንበር ነው ያስያዝሽው።»

አየሽው እባቡን! ከዚያ ዞር ብሎ የዲዩቲ ማናጀሩ፣ የፈረቃ አለቃው ቦታ ኦገስት ላይ እንደሚከፈት፣ ስሜን እንደጻፈ ነገረኝ። በአንድ አፍ ሁለቱንም። አስጠላኝ፣ ቀፈፈኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ሰው ማናጀሩን ሌላ ምን ይለዋል?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። ዳንቢን ማን ይናገራል፣ አቅም የሌላትን ዳውላ ፈልጎ ይደበድባል እንጂ።

ጁን 29፣ እሑድ

በፈቃዱ ኮል አደረገኝ። ነገሩን በሽማግሌ እንጨርሰው አለ። እትዬ ስሂን ቤት ሽማግሌ ይላክና፣ ስህተቱ የእኔ ነው ቢሉ፣ እሱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሄርንደን የአጎቱ ልጅ ፓርኪንግ ቤት ሥራ ያስገባቸዋል፤ ደብዳቤውንም እነሱ ይጽፉላቸዋል። የዕንቁም ጉዳይ አይጎዳም። «ገመናችንን ፈረንጅና ኮሪያ ፊት ከምናወጣው» አለ።

መቼም ደግ አስቧል። ማንም አይጎዳም። ደጋግሜ አሰብኩት፣ ማንም አይጎዳም።

ጁላይ 6፣ እሑድ

ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደን መጣን። መኪናዬ ጋራዥ ስለሆነ ሰሊና በጓደኛዋ መኪና አደረሰችኝና አብራኝ ገባች። በፈቃዱ ጋሽ እንግዳወርቅን ይዞ መጣ፤ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው በዚያ ሙቀት። ሽማግሌ ሲመጣ እትዬ ስሂን ደንግጠው ብድግ አሉ። የሚሆነውን አያውቁም ነበር። ሻይ አፈሉ፣ ጾም ስለሆነ ቴምርና ለውዝ አቀረቡ፣ ወንበር ስለማይበቃ ራሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ጀመሩ። «ወይዘሮ ስሂን፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ብሩክታይት ልጅዎ ናት፣ ልጅ የምታሳድግ ናት፣ ያለ አባት። ነገር ሲመጣ ትልቅ ሰው ይሸከማል። ሥራ ቢጠፋ ሥራ ይተካል፤ በፈቃዱ ቃሉን ሰጥቷል። እኛ ቆመን እንለምንዎታለን።» ተነሥተው ቆሙ። በፈቃዱም ቆመ። እኔ… እኔም ቆምኩ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ እየለመነው እንቢ የሚል የለም። በፈቃዱ ይህን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ስምምነት አይደለም ያመጣንባቸው፤ ሽማግሌ ነው ያመጣንባቸው።

እትዬ ስሂን ሻዩን ለረጅም ጊዜ አማሰሉት። «እኔ ቁልቁለት ነው ብያት ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ተነሥተው የጋሽ እንግዳወርቅን ጉልበት ሊስሙ አጎነበሱ። «ይቀመጡ፣ ስለ እኔ አይቁሙ። አስቸግሬያችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ። እሺ።»

ስንመለስ ሰሊና ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞን «ዋይ ዋዝ ሺ አፖሎጃይዚንግ?» አለችኝ፤ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ለምንድን ነው ማለቷ ነው። ባህላችን ነው አልኳት። «ኖ ማም። ዋይ ዋዝ ሺ?» አረንጓዴ በርቷል፣ ንጂ አልኳት።

ጁላይ 11፣ ዓርብ

የወደቀችው አሮጊት ልጅ ጌቱ ድረስ መጣች። ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆኗል። «እናቴ አንዲት ሴት ትፈልጋለች» አለችኝ፤ ራሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትዘፍንላት የነበረችውን። ልታመሰግናት ነው። ማን ናት አለችኝ።

ዛሬ ሺፍት የላትም አልኩ። እትዬ ስሂን ሃያ ሜትር ርቀት ላይ ሰው እየገፉ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ይኼን ሁሉ የሚያደርጉት አንድ ቲኬት ለማርከስ ነው። ብርቱካን ነጋዴው ይኼን ቢያይ ያፍር ነበር። ሁሉም ነገር ይገማል፣ ምንጣፉ፣ ዩኒፎርሜ፣ ጌቱ ላይ የሚሸጡት የሰባት ዶላር ሩዝ።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

የአደጋው ምርመራ ኢንተርቪው ነበር። አለቀ።

ደክሞኛል። ሌላ ምንም አልጽፍም።

ኦገስት 1፣ ዓርብ

ዲዩቲ ማናጀር ሆንኩ። ኮት ሰጡኝ፣ ትከሻው ሰፊ ነው። ሚስተር ጉ በሁለት እጁ ቢዝነስ ካርዱን ሰጠኝ።

እትዬ ስሂን ዛሬ ተባረሩ። የመግቢያ ባጃቸውን የተቀበለው በፈቃዱ ነው። እኔ ሌላ ጌት ላይ ነበርኩ። ሥራ ነበረብኝ። በዚያ ሰዓት ሌላ ጌት መሄድ ነበረብኝ።

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ሄርንደን ያለው ፓርኪንግ ቤት ሰው አይቀጥርም። በፈቃዱን ጠየቅሁት። «ሞክሬያለሁ፣ ዕድሜያቸው ነው» አለ። ጋሽ እንግዳወርቅ ጋ ደወልኩ። እሳቸውም አዘኑ፤ «እኔ የማውቀው የተነገረኝን ነው ልጄ» አሉ። የኤምባሲው ቀጠሮ አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ደብዳቤ የለም። ደብዳቤ ሊጽፍ የሚችል ቢሮ ውስጥ አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ግን ለተባረረ ሰው ሠራተኛችን ናት ብሎ መጻፍ ወንጀል ነው። ሕጉን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ሕግ! ይኼን ቃል እንዴት እጄ ጻፈው።

ኦገስት 10፣ እሑድ

ጠዋት እትዬ ስሂን ደወሉልኝ። ፍልሰታ ገብቷል፣ እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ ነው። ለዕንቁ ቀጠሮው እንዲራዘም ማመልከቻ እንዲጻፍላቸው ሰው አግኝተዋል፤ ምናልባት ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል ተብለዋል። ምናልባት። ከዚያ «አንቺስ ደህና ነሽ? አልጎዱሽም?» አሉኝ። እኔን! አልጎዱኝም እትዬ አልኩ። «ተመስገን፣ ስለ አንቺ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሳልበላ ውያለሁ። ጾም ነው ብዬ ሰሊናን ሸወድኳት። የጁላይ ሃያ ሁለቱን አሁን እጽፈዋለሁ፤ ለማንም አላወራሁትምና እዚህ ካልጻፍኩት ያልተደረገ ይመስለኛል፣ ያልተደረገ እንዲመስለኝ ደግሞ አልፈልግም። እፈልጋለሁ እንጂ። ግን ልጽፈው።

ከዋና መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል ተብሎ ነበር፤ በፈቃዱ «ምን አደከማችሁ፣ ብሩክታይት አለች አይደል» አላቸው። ሁሉንም አስቦበታል። እኔም እሺ አልኩ። ለእትዬ ስሂን የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው፣ ብዬ ነበር ለራሴ።

እትዬ ስሂን ነጭ ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጥተዋል። ስም፣ ዕድሜ፣ ስንት ዓመት ሠሩ፣ ሁሉንም በትክክል ተረጎምኩ። ከዚያ ሴትየዋ «ሁለት ወንበር በአንድ ጊዜ እንድትወስጂ ያዘዘሽ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀች። ያንንም በትክክል ተረጎምኩ።

ወደ እኔ ዞረው እጄን ያዙኝና «ብሩክቲ ልጄ» አሉ፣ «ሽማግሌ አክብሬ እሺ ብዬ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ጸሎቴን መጨረስ አቃተኝ። ያቺ ሴት ጭኔ ላይ ሆና አልቅሳለች፣ በእሷ ላይ ልዋሽ አልችልም። ይውሰዱ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺም ክፉ ሆነሽ አይደለም፣ ሰዓት አጥሮሽ ነው። እሱንም ጨምረሽ ንገሪልኝ። አምስት ሰው ብቻ እንደነበርንም ንገሪያቸው። እኔ ብባረርም እውነቱን ተናግሬ ልባረር።»

ሁለቱ ሰዎች እስክሪብቶ ይዘው እየጠበቁኝ ነው።

«ማንም አላዘዘኝም፣ በራሴ ነው ያደረግሁት፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላሉ» አልኩ። በእንግሊዝኛ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይቅርታውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ እሳቸው ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም።

ሰውዬው ጻፈ። ገጹን ወደ እትዬ ስሂን ገፋላቸው፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ አለ። መነጽራቸውን አድርገው የማያነቡትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ያልኩትን ነው የጻፉት?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

ስማቸውን በአማርኛ፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብለው ጻፉ። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ቆሙ፣ ትከሻዬን ይዘው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ። ፊታቸው ረጥቧል፣ ግን ቀለል ብሏቸዋል፤ ያን ያህል ቀለል ብሏቸው ከጁን ወዲህ አይቻቸው አላውቅም።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። «አሳልፌ ሰጠሁሽ።»

እኔም ይቅር አልኳቸው።